በእናቷ ፀጉር የቀናችው ቢልቂስ

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፤ በጓደኛው ይቀናል፤ ሲብስበትም በእህቱ ይቀናል። በገዛ እናቱ የሚቀና ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ቢልቂስ አብዱልወሀብን ተዋወቋት። ደሴ፣ ሆጤ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላት፣ ዐይኗ ጎላ ያለ፣ ምላሷ ፈጣን ልጅ ናት። ሥራ አላት፤ መልክ አላት፤ ኮምቦልቻ ላይ የኒካሑን ቀን በጉጉት የሚጠብቅ እጮኛ አላት። የሌላት ፀጉር ነው። ጨርሶ የላትም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን አናቷ ላይ ሳስቶ ሳስቶ፣ ከመሃል ስትከፍለው የራስ ቆዳዋ እንደ እግር መንገድ ሰፍቶ ይታያል። ይህን የምታውቀው እሷና መስተዋቷ ብቻ እንደሆኑ ታስባለች። ሒጃብ ደግ ነው፤ ብዙ ገመና ይሸፍናል።

እናቷ ሳፊያ ግን፣ ማሻአላህ በሉ! አርባን ያለፈች፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጭቃና እበት ስትረግጥ የኖረች የገበሬ ሚስት፣ ፀጉሯ ተፈትቶ ሲወርድ ወገቧን አልፎ ይሄዳል። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር ነው። በዕድሜዋ ከውሃና አደስ ከገባበት ቅቤ በቀር ምንም አላስነካችውም። ልጇ ከደሴ ጥሩ ሻምፑ ገዝታ ብትወስድላት «ይኼ ነገር ሽታው ያዞረኛል» ብላ ሰሃን አጠበችበት። ሰሃን! ቢልቂስ ያን ዕለት የበላችው ምሳ አልወረደላትም።

የዕረፍት ተራዋ ደርሶ በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ በመጣች ቁጥር ይኸው ፀጉር ይጠብቃታል። ሳፊያ ባሏ እርሻ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቃ፣ ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትታጠባለች። ጎረቤቷ እትየ ገበያነሽ በጆግ ውሃ ታፈስላታለች። ገበያነሽ መስቀል ያሰረች፣ አፏ የማይዘጋ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናት።

«ኧረ ሳፊያ፣ ክንዴ እኮ ዛለ! ይኼን ጫካ ለዚች ለልጅሽ ብታካፍያት ምናለ? ቢልቂስዬ፣ ነይ አንቺም ፍቺውና ልጠብሽ፤ የእናትሽን ያህል ወርዷል?»

«እኔ ደሴ ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ እትየ» ትላለች ቢልቂስ ከመስኮቱ ኋላ ሆና። ሁልጊዜ ደሴ ታጥባ ነው የምትመጣው። ከዚያ ዐይኗን ከእናቷ ጀርባ ላይ መንቀል ያቅታታል። ውሃው በዚያ ሁሉ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ጊዜ ሲወስድ ታያለች፤ አንጀቷ እርር ይላል። ለምን ለሷ? ትላለች በሆዷ። ማን ሊያይላት? ላሞቹ? አንድ ዕድሜ ሙሉ በሻሽ ጠቅልላ፣ እንጨት ተሸክማበት፣ ጭስ አጥናበት፣ እሱ ይለመልማል። እኔ በየሌሊቱ ዘይት ስቀባ የማድረው ይረግፋል። ይኼ ፍርድ ነው? ወዲያው ደግሞ ትደነግጣለች። አስተግፊሩላህ! እናቴ እኮ ናት! ትላለች። ግን እንዲህ ያለ ቅናት እናት ስትባል አይፈራም።

ስስ ፀጉሩን ከማን እንደወረሰችው ለማንም አይጠፋውም። አባቷ አብዱልወሀብ ኮፍያውን ሲያወልቅ አናቱ እንደ ቅል ያብለጨልጫል። ዐይኗ የሱ፣ አገጯ የሱ፣ ሳቋ የሱ። «የአባቷ ቁርጥ!» እያሉ ሲያሞግሷት ነው ያደገችው። ያኔ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው «አቤት፣ አባትሽን መስለሽ!» ካላት ፊቷ ይቀላል።

እሷም ብትሆን አላረፈችም። ኮሌጅ እያለች ጓደኞቿ በክሬም ሲያለሰልሱ አለሰለሰች፤ ሥሩ እስኪያማት ድረስ ወደ ኋላ ስባ አስራ፣ ከላይ ሒጃብ ጠመጠመችበት። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚሉት ለሷ ሳይሆን አይቀርም። መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ያልሞከረችው የለም። የሽንኩርት ውሃ፣ እንቁላል፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሩዝ ውሃ፣ ሬት። ቲክቶክ ላይ አንዲት ሴት በነጭ ሽንኩርት አበቀልኩ ብላ ስትምል አይታ፣ ያንን ቀብታ ሥራ ብትገባ፣ ደንበኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። አብራት የምትሠራው ሀኒ «ዛሬ ደግሞ ጎረቤታችን ምን እየጠበሰ ነው?» ብላ መስኮት ከፈተች። ቢልቂስም አብራ ጎረቤቱን ረገመች።

የሀኒን ነገር ደግሞ ተዉኝ። ሀኒ ሒጃብ የላትም፤ ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ ነው የምትውለው። ስትስቅ ወደ ኋላ ትወረውረዋለች፤ ሲሞቃት በእስክሪብቶ ትሰቅለዋለች፤ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን እፍኝ ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። ትጥለዋለች እኮ! እፍኙን! ቢልቂስ አንድ ፀጉር ከራሷ ሲወድቅ ዘመድ የሞተባት ያህል የምታዝን ሴት፣ ያንን ቅርጫት እያየች ጥርሷን ታፋጫለች። ሀኒ ምንም አላጠፋችም፤ እንዲያውም ደግ ልጅ ናት። ለዚህም ነው ይበልጥ የምታናድዳት።

በመጨረሻ ቆረጠችና ሐኪም ዘንድ ሄደች። የቆዳ ሐኪም ያለው ደግሞ የት ነው? ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ የእናቷ ሰፈር! ሰው እንዳያውቃት ኒቃብ ለበሰች፤ ከዐይኗ በቀር የሚታይ ነገር አልተወችም። በሩ ላይ ስትደርስ ጥበቃው «እንዴት አደርሽ የሳፊያ ልጅ? እማማ ደህና ናት?» አላት። በዐይኗ ነው ያወቃት። የአባቷ ዐይን እዚህም አጋለጣት።

ሐኪሙ ራሷን በባትሪ አይቶ፣ ደም አስመርምሮ፣ ሳያሳቅቃት ነገራት። «በዘር ነው። አንዳንድ ሴት ላይ በወጣትነት ይጀምራል። ያለውን የሚያቆይ መድኃኒት አለ፤ በትዕግሥት ከተቀባሽው ትንሽ ሊያበቅልም ይችላል። የሄደውን ሁሉ ይመልሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም። አጥብቀሽ አትሰሪው፤ አትጎትቺው።» ወረቀቱን ስታየው መድኃኒቱ ራሷ የምትሸጠው ነው። መላጣ ወንዶች መጥተው «ይሠራል ወይ?» ሲሏት «ይታገሡ፣ አባባ» እያለች ስንቱን ሸኝታለች። እንግዲህ ያን ዕለት ማን ይሸኛት? በሚኒባሱ መስኮት ተደግፋ፣ በኒቃቧ ውስጥ እያለቀሰች ሆጤ ገባች።

እስከዚህ ድረስ ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖር ነበር። ነገሩ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው።

ሙንዚር የሚባል፣ ኮምቦልቻ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ወጣት፣ ራስ ምታት አለብኝ እያለ ሆጤ ድረስ ይመላለስ ጀመር። ኮምቦልቻ ላይ የራስ ምታት ኪኒን ጠፍቶ ነው? ቢልቂስ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ወንድሜ፣ አንተን የሚያምህ ራስህ አይደለም» አለችው። እሱም ሳቀና በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። ልጁን ወደደችው፤ ወላሂ ወደደችው። ለጨዋታዋ ጨዋታ የሚመልስ፣ ሲያዳምጥ ዐይኑን የማይነቅል ሰው ነው። ኒካሑ ተወሰነ፣ የድግሱ መሰናዶ ተጀመረ፣ አማቷም ወደ ኮምቦልቻ ለምሳ ጠሯት።

እትየ ነጂባ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ሰውነታቸውም ድምፃቸውም ሰፊ። ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ አይደለም፤ ያን ዕለት ሙቀቱ ግድግዳ ያልባል። «ሒጃብሽን አውልቂው እንጂ፣ ማሬ፤ ከሴት በቀር ማን አለ?» አሏት።

«ብርድ መቶኝ ነው፣ እትየ» አለች ቢልቂስ። በዚያ ሙቀት ብርድ! ላቧ በጆሮዋ ሥር እየተንቆረቆረ ብርድ መታኝ አለች።

ነጂባ ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ነበሩ። «ልጄን እዚያ መድኃኒት ቤት ማን የላከው ይመስልሻል? እኔ ነኝ! እናትሽ ስትዳር ቦሩ ሜዳ ነበርኩ፤ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ። የሂናዋ ለት ፀጉሯን ሲፈቱት፣ ሱብሃነላህ፣ ሴቱ ሁሉ ቃል አጣ። የሷን አንድ ጉንጉን ለኔ ሁለት ጊዜ ይበቃኝ ነበር! ያን ቀን፣ አላህ ወንድ ልጅ ከሰጠኝ ከዚች ልጅ ቤት ነው የማጋባው ብዬ ነየትኩ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ?» ከዚያ እጃቸውን የቢልቂስ ጉልበት ላይ ጣሉ። «የኛን ወገን ወግ ታውቂያለሽ። የሂናዋ ለት አማት ራሷ የሙሽራዋን አናት ቅቤ ታስነካለች። ያን ቅቤ የተቀባች ከዚያ ወዲያ ልጅ እንጂ ምራት አትባልም። የሳፊያን ልጅ ፀጉር በዚህ እጄ ሳልነካ አልሞትም እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ቢልቂስ የቆረሰችውን ትሪው ላይ መለሰችው። ለካ የተፈለገችው እሷ አይደለችም፤ የእናቷ ፀጉር ነው! ለካ ባሏን እንኳ ያመጣላት ያ ጫካ ነው! ወደ ደሴ ስትመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲያቃስት፣ ከፊቷ የተቀመጠች ተማሪ ፀጉር በንፋሱ እየተነሳ ፊቷን ይነካካታል። ልጅቷ «ይቅርታ፣ እህቴ» ብላ ሰበሰበችው። ቢልቂስ «ምንም አይደል» አለች። ምን ምንም አይደል! አንድ እፍኝ ነጭታ መውረድ ነበር ያማራት።

መላ መምታት ጀመረች። ለሀኒ ገመናዋን አወጣችላት፤ ሌላ ማንን ታምን? ሀኒ አልሳቀችም፤ ዊግ ገዝታ፣ በዊጉ ሹሩባ ልትሠራት ቃል ገባች። ቢልቂስ ፀጉር መቀጠል በሃይማኖቷ ሐራም እንደሆነ አልጠፋትም። አላህ ይምረኛል፣ እትየ ነጂባ ግን አይምሩኝም አለች። ሹሩባው ተሠርቶ ከጠበቃቸው አማቷ የሚፈቱት ነገር አይኖርም፤ ቅቤውን ላይ ላዩን ነካ አድርገው ይሄዳሉ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እናቷ። የእናቷ ፀጉር በዚያ ቤት ከታየ የሷ ዊግ ከጎኑ ሲቀመጥ ያሳብቃል። ሴት ዐይኗ ክፉ ነው፤ አመዛዝና ትይዛታለች።

ቦሩ ሜዳ ሄደች። ሳፊያ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እማየ፣ የሂናው ለት ሻሽሽን እንዳትፈቺ።»

ሳፊያ ቀና ብላ አየቻት። «ሴቶቹ ይፈቱኛል እንጂ። በየሂናው እንደምፈታው ያውቃሉ።»

«እንቢ በያቸው። ከጎኔ ሆነሽ እንዳትፈቺው። በቃ፣ ለኔ ስትዪ።»

ሳፊያ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አንስታ ጣለች፤ ሌላም አንስታ ጣለች። እናት ምን ይደበቃታል! ልጇ ደሴ ታጥቤ ነው እያለች ስትሸሻት ስንት ጊዜ አይታ ዝም ብላለች።

«ከፈለግሽ ልቁረጠው» አለች ሳፊያ።

እዚህ ላይ ቢልቂስን እንዳትጠሏት እፈራለሁ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። «አዎ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አዎ፣ ቁረጪው፣ ይለቅልኝ፣ ዳግመኛ አልየው፤ ይህ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። እንደምንም ዋጠችው። «አይ፣ መሸፈኑ ይበቃል» አለች።

«እሺ» አለች ሳፊያ፤ ወደ ምስሯም ተመለሰች።

የሂናው ቀን ደረሰ። ሀኒ ከማለዳው ቦሩ ሜዳ መጥታ የሠራችው ሹሩባ ወላሂ ያስመሰግናል፤ ወገብ የሚደርስ፣ ጥቁር፣ እያንዳንዱ ጉንጉን እኩል። ቤቱ በሴት ሞላ። የኮምቦልቻዎቹ ድቤ እየመቱ ገቡ፤ ነጂባ በሳህን የሞላ ቅቤ ይዘው ከፊት። ሻሽና ሒጃብ ሁሉ ወልቆ ጥግ ላይ ተከመረ፤ ያበጠረችው፣ የተሠራችው፣ ሂና የነካችው፣ ሁሉም ፀጉሯን ለቀቀች። ሳፊያ ብቻ ጥቁር ሻሿን በላይ በላዩ አጥብቃ አስራ፣ ትሪ ይዛ ትመላለሳለች።

«ሳፊያ፣ ፍቺው እንጂ!» አሉ ነጂባ። «ያን ጉድ ለማየት ነው ሐረጎን የወጣሁት!»

«ተዪኝ እቴ» አለች ሳፊያ ትሪውን እያስቀመጠች። «እሱማ አለቀ። ረገፈ።»

«ወየው!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። ገበያነሽ፣ የዛሬ ሦስት ቀን በክንዷ ውሃ ያፈሰሰችው ገበያነሽ፣ አፏን ልትከፍት ሳፊያ በዐይኗ ገረፈቻት። ገበያነሽ አፏን በእጇ ያዘች፤ እንደዚያ ቀን ስትጨነቅ አይቷት የሚያውቅ የለም።

«ዐይን ነው የበላት» አለች አንዷ።

«ምን ዐይን፤ ልጇ ናት የወሰደችባት!» አሉ ከሐርቡ የመጡ አንዲት አሮጊት የቢልቂስን ሹሩባ እያነሱ። «እዩት፣ ይኸው የሳፊያ ፀጉር! እዚህ መጥቶ የለም? ማሻአላህ፣ ማሻአላህ!»

ሴቱ ከበባት። አንዷ ትነካለች፣ አንዷ ታነሳለች፣ አንዷ እልል ትላለች። ቢልቂስ ደስ አላት? አዎ፣ ደስ አላት! ስንት ዓመት የተቃጠለችበት ነገር ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ የእናቷ አናት ባዶ ተብሎ፣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲመሰክር ሰማች። ጥጋብ የመሰለ ነገር ተሰማት። እናቴ፣ አንቺ የለሽም፣ እኔ አለኝ አለች በሆዷ።

ነጂባ ሳህናቸውን አንስተው ተነሱ፤ ሲያልፉ የሳፊያን ሻሽ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ፣ ሳፊያ፤ ከልጅሽ ከተረፈ ጠብታ ላንቺም እናስነካሻለን። ማን ያውቃል፣ እንደ ገብስ ዳግም ትበቅዪ ይሆናል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት የለውም፤ የሴት ጨዋታ ነው። ሳፊያም አብራ ሳቀች። ግን አንገቷን ደፍታ፣ እንዳይፈታ እየፈራች ሻሿን በሁለት እጇ ጠበቅ አደረገችው። ቢልቂስ ያን እጅ አየችው። ሻሽ ጠበቅ ማድረግ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሴት መሃል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ሳቅም ታውቀዋለች፤ ሳትሰማው ስንት ዓመት የሸሸችው፣ ኒቃብ ያስለበሳት፣ በሙቀት ብርድ መታኝ ያስባላት ያው ሳቅ ነው። በገዛ እጇ አምጥታ እናቷ አናት ላይ ጣለችው። ፀጉር ሞልቷት ሳለ እናቷ ስለ መላጣነት ተሳቀባት።

ተነሳች። ነጂባን ከነቅቤያቸው ትታ እናቷ ፊት ቆመች። ሳፊያ ገብቷት «ተይ!» ብላ እጇን ያዘቻት። ጉልበት ገጠሙ ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ አሸነፈች። ሻሹ ተፈታ፤ ፀጉሩም እንደ ልማዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ወገቧን አለፈ።

ድቤው ቆመ። «ይመስገን አምላኬ፤ ልፈነዳ ነበር እኮ!» አለች ገበያነሽ።

«እኔ ነኝ ሸፍኚ ያልኳት» አለች ቢልቂስ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ አላቆመችም። «ከጎኗ ስቀመጥ እንዳታዋርደኝ ብዬ። የኔ ዊግ ነው። ከሥሩ ያለውን አታዩትም፤ ሳስቷል፤ መድኃኒት ላይ ነኝ። በእናቴ እቀናለሁ፤ እንግዲህ የፈለጋችሁትን በሉ።»

ነጂባ ሳህኑን ይዘው ቆመው ቀሩ። ተቆጡ፤ አልደብቃችሁም። ፊታቸው ላይ ማዘንም መናደድም ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ!» አሉ። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ተቀመጪ። ሐራም ላይ ቅቤ አላፈስም። ፍቱላት!»

ፈቷት። ሀኒ እያለቀሰች፣ ገበያነሽ እያወራች፣ የሐርቡዋ አሮጊት «አወይ ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ተሸክመሽ!» እያሉ፣ ዊጉ ምንጣፉ ላይ ተከመረ። የቀረው ያቺው ስስ ፀጉሯ ነው፤ በቤቱ ብርሃን ቆዳዋ ይታያል። ነጂባ ሙሉውን ቅቤ አናቷ ላይ አኖሩት። የሚይዘው ፀጉር ስላልነበረ ቀልጦ በግንባሯ፣ በአንገቷ፣ በጀርባዋ ወረደ። «ልጄ፣ ለቀሚስሽም ተርፎታል» አሉ ነጂባ። ልጄ አሉ፤ ምራቴ አላሉም። ሴቱ ሳቀ፤ ቢልቂስም ቅቤው ዐይኗ ውስጥ እየገባ ሳቀች። «ለሙንዚር ግን ራስሽ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ የለሁበትም» አሏት። እዚያው ደወለች፤ ነገረችው። ሙንዚርም ከወዲያ ማዶ፣ «እና ኒካሑ እሑድ ነው አይደል?» አለ።

እንግዶቹ ሄደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናትና ልጅ ጓሮ ሰሃን ያጥቡ ነበር። ሳፊያ ፀጉሯን መልሳ አልሸፈነችውም፤ ወደ ትከሻዋ ጥላዋለች። ቢልቂስ ታየዋለች። ያን ሁሉ ተናግራም፣ ያን ሁሉ ተስቆባትም፣ ያ ነገር እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው።

«እማየ፣ አሁንም እቀናብሻለሁ እኮ። አልወጣልኝም።»

«ቅኚ» አለች ሳፊያ ሰሃኑን እያለቀለቀች። «እኔስ መች ተውኩሽ?»

«ምኑን?»

«መቅናቱን ነዋ።»

ቢልቂስ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

«ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ» አለች ሳፊያ። «ወንዝ ወርጄ ስታጠብ የአባትሽ እናት ይኼን ፀጉር አየችው፤ ሽማግሌ መጣ። መምህሬ ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ጎበዝ ናት፣ አትዳሯት ብሎ ለመነ። እንዲህ ያለ ፀጉር ያላት ልጅ በትምህርት ምን ልታደርግ ነው አሉት ወላጆቼ። ነጂባ ያየችው ሂና ያ ነው። ሴቱ እልል ሲል እኔ ደብተሬን የት እንዳስቀመጡብኝ ነበር የማስበው።» ሰሃኑን ደፋችው። «አንቺ ሥራ የያዝሽ ሰሞን ቂጣ ይዤልሽ ደሴ መጣሁ። ካጠገብሽ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቆሟል። የሐኪሙን ወረቀት ማንበብ አቅቶት ላንቺ ሰጠሽ፤ አንዴ አየሽና አነበብሽለት። ደጅ ሆኜ አየሁሽ። ሳልገባ ተመለስኩ፤ ቂጣውን ለለማኝ ሰጠሁት።»

«ለምን፣ እማየ?»

«ቅናት አንቆኝ ነዋ» አለች ሳፊያ። «በወለድኳት ልጅ።»